ጎርፍ ተራ አይጠብቅም፦ «የጎርፍ መድን ገንዘብ ማባከን ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። መልእክቱ ባጭሩ ይሄ ነው፤ የቤት ባለቤት የጎርፍ መድን መግባት አያስፈልገውም፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሸጡት ፍርሃት ነው። ጸሐፊው ለዚህ ስምንት ምክንያት ደርድረዋል። ብዕራቸው ይጥማል። ከስምንቱም ሁለቱ እውነትነት አላቸው። ለምላሽ ያስነሳኝም ይሄው ነው። እውነቱና ስህተቱ ተደባልቆ ሲቀርብ ለአንባቢ መለየቱ ይከብዳል። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ካልሆነ እናገራለሁ።

መጀመሪያ የሚሉት እንዲህ ነው፦ «የመቶ ዓመት ጎርፍ በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። እናንተ ሰፈር በቅርቡ መጥቶ ከነበረ ተገላግላችኋል።»

አልተገላገላችሁም። ባለሙያዎቹ ሊሉ የፈለጉት፣ ያን ያህል ትልቅ ጎርፍ በየትኛውም አንድ ዓመት የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ነው። ዘንድሮ ከመቶ አንድ። ለከርሞም ከመቶ አንድ። አምና መጥቶ ቢሆንም ያው ከመቶ አንድ። ዕጣው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይወጣል። አሁን ነገሩን በ30 ዓመት የቤት ብድር አስሉት። በአንድ ዓመት ጎርፍ ያለመምጣት ዕድል 0.99 ነው። 0.99ን ለ30 ዓመት 30 ጊዜ ስታባዙት 0.74 ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ብድሩ ተከፍሎ ሳያልቅ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጥለቅለቅ ዕድላችሁ 26 በመቶ ነው። ከአራት ቤት አንዱ በሉት።

የአሜሪካዋ ሂውስተን በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ተከታትሎ በጎርፍ ተመታች። ሦስቱም በየሰዉ አፍ «የ500 ዓመት ጎርፍ» ሲባሉ ነበር። የጸሐፊው ስሌት ትክክል ቢሆን ኖሮ ከተማዋ እስከ 3500 ድረስ እፎይ ባለች ነበር።

ያ ከመቶ አንድ የሚባለው ቁጥር ራሱ የተሰላው ባለፉት ዓመታት የዝናብና የወንዝ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል። የተሸከመውን ደግሞ አንድ ቀን ያወርደዋል። ስለዚህ ትናንት ከመቶ አንድ የነበረው ዛሬም እንደዚያው ነው ብሎ የሚምል ሰው ካገኛችሁ ተጠንቀቁት።

ሁለተኛው ምክንያታቸው ይኸውላችሁ፦ «ቤታችሁ የጎርፍ ቀጠና ካርታ ላይ ካልተቀባ፣ አጠገባችሁም ወንዝ ከሌለ፣ ነገሩን እርሱት።»

ከስምንቱ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂውስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ቤቶችን አጥለቀለቀ። ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ካርታው ላይ ከመቶ ዓመቱ ቀጠና ውጪ ነበሩ። ባለቤቶቹ ካርታውን አይተው ተኝተዋል ማለት ነው።

ካርታዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት ወንዝ ሲሞላ ወይም ባሕር ሲገፋ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ለማሳየት ነው። ከሰማይ ወርዶ መሄጃ ያጣ ዝናብን ብዙዎቹ አይቆጥሩትም። ከተማ ውስጥ ብዙ ቤት የሚያበላሸው ግን እሱ ነው። አስፋልት ውሃ አይጠጣም። ቱቦው የተቀበረው ሰፈሩ የዛሬውን ሩብ በነበረበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ከላይ በኩል ሜዳ የነበረው ቦታ ሕንፃ ሲበቅልበት፣ ሜዳው ይመጠው የነበረው ውሃ ሁሉ ቁልቁል ይላካል። ቦዩ በፕላስቲክ ከተደፈነ ደግሞ የባሰ ነው። ካርታውን የሠራው መሐንዲስ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?

«ወንዝ የለም» የሚለውም አያዋጣም። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሆነ ወንዝ ሰው ወንዝነቱን ይረሳዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ደራሽ ጎርፍ የመጣው በደቻቱ ወንዝ ነው። ደቻቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ዝናቡ የጣለው ርቆ ደጋው ላይ ነበር፤ ውሃው ከተማዋ የደረሰው ሌሊት ነው።

ሌላው ነገር መስመሩ ነው። ካርታው ላይ የተሰመረው መስመር ወዲህ አደጋ፣ ወዲያ ሰላም ያለ ያስመስለዋል። መሬት ላይ ግን መስመሩ ወዲህና ወዲያ ባሉ ሁለት ቤቶች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንዳንዴ አንድ ጡብ አይሞላም። የአሜሪካ መንግሥት የጎርፍ መድን ፕሮግራም ራሱ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ሲተምን በቀጠናው ቀለም ብቻ መመራቱን ትቷል። አሁን ቤቱ ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ መልሶ ለመገንባት ምን እንደሚፈጅ እያየ ነው የሚያስከፍለው።

እና ምን ይደረግ? እኔ ብሆን ካርታውን አይቼ አላበቃም። ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ደጅ እወጣለሁ፤ መብረቁ በረድ ሲል እንግዲህ። የመንገዱ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት ላይ ቆሞ እንደሚጠራቀም አያለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ሜትር አውጥቼ የበሩ ደፍ ከመንገዱ ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል እለካለሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ማስገቢያ ከመንገዱ ማንሆል ክዳን በላይ ነው ወይስ በታች? በታች ከሆነ፣ ዋናው መስመር ሲሞላ ፍሳሹ መውጫ የሚያገኘው እናንተ ሳሎን ነው። በሩን በአሸዋ ከረጢት ደፍናችሁ ቆማችሁ ውሃው ከኋላ ከመጸዳጃ ቤት ይመጣል። የድሮ አጥሮችንም ልብ በሉ። ሁለት ሦስት ግቢ ተከታትሎ በአንድ ቁመት ልስኑ የተላጠ ከሆነ፣ ባለቤቶቹ ቀለም ቢቀቡትም ውሃው የቆመበትን ያሳያችኋል። ሰፈሩ ውስጥ ረጅም ዓመት የኖሩ እናት ወይም አባት ካሉ ደግሞ እሳቸውን ጠይቁ። የትኛው ዓመት የትኛው ግድግዳ ድረስ እንደደረሰ ከካርታው አስበልጠው ያውቃሉ።

ሦስተኛው ነጥብ፦ «መደበኛው የቤት ኢንሹራንሳችሁ የውሃ ጉዳት ይሸፍናል፤ ሁለት ጊዜ አትክፈሉ።»

የውሃ ጉዳት ይሸፍናል፣ እውነት ነው። ግን የጉዳት ገማቹ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ የሚጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ውሃው በየት ገባ?» የሚል። ኩሽና ያለው ቱቦ በድንገት ፈንድቶ ከሆነ፣ በአብዛኛው ይሸፈናል። ነፋስ ጣሪያውን ገንጥሎ ዝናብ ከገባም ብዙ ጊዜ ይሸፈናል። ያው ዝናብ መጀመሪያ መሬት ነክቶ፣ ተጠራቅሞ፣ በበር ሥር ሲገባ ግን በብዙ አገር ስሙ ጎርፍ ይሆናል። ጎርፍ ደግሞ «ከሽፋን ውጪ» በሚለው ገጽ ላይ ተቀምጧል። ምንጣፉ ያው ነው። ውሃውም ያው ነው። የሚለየው የገባበት በር ነው።

በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ስትመታ ይሄ ልዩነት ስንቱን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አንከራተተው። ባሕሩ ዳር ከብዙ ቤቶች የቀረው የሲሚንቶው ወለል ብቻ ነበር። ባለቤቱ ነፋስ ነው ይላል። ኩባንያው ውሃ ነው ይላል። የሚመሰክር ግድግዳ የለም። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ።

የጎርፍ መድን ገብቶም ትርጓሜውን ሳያነብ የሚቀር አለ። የአሜሪካው ፕሮግራም ጎርፍ ነው ለማለት ውሃው ቢያንስ ሁለት ኤከር ማለትም 0.8 ሄክታር ገደማ ደረቅ መሬት፣ ወይም ቢያንስ ሁለት ይዞታ መሸፈን አለበት። የእናንተ ግቢ ብቻ ተለይቶ ከጠለቀ፣ የቤቱ ውል «ይሄ ጎርፍ ነው» ብሎ፣ የጎርፉ ውል «ይሄ ጎርፍ አይደለም» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። በሁለት ውል መካከል ወድቃችሁ ቀራችሁ ማለት ነው። የፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ሲመልስ የሚደርሰው ጉዳትም ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ሽፋን ይፈልጋል። ሲጠየቅ ግን ይሸጣል።

ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ የትኛውን አገር እያሰቡ እንደሆነ አልነገሩንም። ፈረንሳይ ቢሆኑ ኖሮ አልከራከራቸውም ነበር። እዚያ ከ1982 ጀምሮ በሕግ ማንኛውም የቤት ንብረት መድን የተፈጥሮ አደጋን ጨምሮ ይመጣል። ለዚያ የሚታሰበው ጭማሪ ከውሉ 12 በመቶ ነበር፤ ከጥር 2025 ወዲህ 20 በመቶ ሆኗል። ካሳው የሚከፈለው ግን መንግሥት አካባቢው ላይ የተፈጥሮ አደጋ ደርሷል ብሎ በይፋ ሲያውጅ ነው። ብሪታንያም ውስጥ ጎርፍ በአብዛኛው የቤት መድኑ ውስጥ ይገኛል። አደጋ ያለባቸው ቤቶች በሚቻል ዋጋ እንዲያገኙት ለማገዝ ፍለድ ሪ የተባለ የጋራ ፈንድ በ2016 ተቋቁሟል፤ እስከ 2039 ይቆያል። ከ2009 መግቢያ ወዲህ የተሠራ ቤት ግን አይገባበትም። አዲስ ቤት የገዛ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። በየአገሩ መልሱ ይለያያል። ስለዚህ ውላችሁን አውጡና የማይሸፈኑትን ነገሮች የሚዘረዝረውን ገጽ አንብቡ። ማስታወቂያው ላይ ያ ገጽ የለም።

አራተኛው፦ «ትልቅ አደጋ ሲደርስ መንግሥት ይረዳል።»

እውነትነት አላቸው ካልኳቸው ሁለቱ አንዱ ይሄ ነው። በሐምሌ 2021 የጀርመኑ የአር ሸለቆና አካባቢው ሲጠለቅ በአገሪቱ ከ180 በላይ ሰው ሞተ። መንግሥት ለመልሶ ግንባታ እስከ 30 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ፈንድ አቋቋመ። በጊዜው የተፈጥሮ አደጋ ሽፋን ያላቸው የጀርመን ቤቶች ከግማሽ በታች ነበሩ። ስለዚህ መድን ያልገባውም ሰው እርዳታ አግኝቷል። እንዲያውም የገባው ጎረቤት «እኔ ለምን ስከፍል ኖርኩ?» ብሎ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም።

ግን ያ ጎርፍ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው ጎርፍ ነው። አብዛኛው ጎርፍ አሥር ቤት ያበላሽና ያልፋል። ለአሥር ቤት ፓርላማ አይሰበሰብም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ እርዳታ ለቤተሰብ እንዲደርስ በመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ የአደጋ አዋጅ ማውጣት አለበት። ቢወጣም ዓላማው ቤቱን ለመኖሪያ እንዲበቃ ማድረግ ነው፤ እንደነበረ መመለስ አይደለም። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ብድር ነው። የድሮው የቤት ብድር ሳያልቅ ሌላ ብድር ይደረብበታል።

አምስተኛው አጭር ነው። «ዝናቡ ከከበደ ያኔ መግዛት ይቻላል» ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። የአሜሪካው ፕሮግራም ከገዛችሁ በኋላ ሽፋኑ እስኪጀምር 30 ቀን ያስጠብቃል፤ ከቤት ብድር ጋር ተያይዞ ሲገዛና ሌሎች ጥቂት ሁኔታዎች ሲኖሩ ብቻ ነው ጥበቃው የሚነሳው። የግል ኩባንያዎችም የመጠበቂያ ጊዜ አላቸው፤ ማዕበል መምጣቱ ከተነገረ ሽያጭ የሚያቆሙም አሉ። የአየር ትንበያ ደግሞ የ30 ቀን ርቀት ላይ ያለን ዝናብ ነግሮን አያውቅም።

ስድስተኛው ነጥብ ላይ ግን ኮፍያዬን አነሳለሁ። «የጎርፍ መድን ሙሉውን አይከፍልም» ይላሉ። አይከፍልም። እንዲያውም እሳቸው ካሉት በላይ ጉድለት አለው። የአሜሪካውን ፕሮግራም እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ከ1968 ጀምሮ ያለ ነው። ለአንድ መኖሪያ ቤት ሕንፃ ከ250,000 ዶላር፣ ለውስጥ ዕቃ ከ100,000 ዶላር በላይ አይሸፍንም። የሕንፃና የዕቃ ሽፋን ተለያይተው ነው የሚገዙት፤ አንዱን ብቻ ገዝቶ ሁለቱን የገዛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከመሬት በታች ያለ ክፍል ውስጥ የውሃ ማሞቂያው ይሸፈን ይሆናል፤ ሶፋውና የግድግዳው ማስጌጫ ግን አይሸፈንም። ቤቱ እስኪጠገን የምትከራዩበትን አይከፍልም። መኪናችሁን አያይም። ዕቃ የሚከፈለው አዲሱ በሚሸጥበት ዋጋ ሳይሆን እርጅናው ተቀንሶ ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ማቀዝቀዣ ስንት እንደሚገመት አስቡት። ከዚህ ሁሉ በላይ ከካሳው ላይ የሚነሳ፣ እናንተ ራሳችሁ የምትችሉት ተቀናሽ አለ።

ታዲያ ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ተዉት» ማለት እንዴት ይመጣል? ጸሐፊው ደጋግመው የሚጠይቁት «ጎርፍ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» ብለው ነው። ይህን ማንም ሊመልስ አይችልም። የቤት ባለቤት ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቢመጣ ከራሴ ኪስ እችለዋለሁ ወይ? ፌማ የተባለው የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ውሃ አንድን ቤት እስከ 25,000 ዶላር ሊያስወጣ እንደሚችል ይናገራል። ብዙ ይመስላል። ግን ውሃው እዚያው ከፍታ ላይ አይቆምም። የግድግዳ ቦርዱ ይመጠዋል፣ ሽቅብ ይወጣል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሻጋታ ይጀምራል። የእንጨት ወለል ያብጣል። ከታች ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት ሁሉ ይቀየራል። የቁምጣ ኪስ የማይደርስ ውሃ ቤቱን ግማሽ ያስፈርሳል።

«አረቦኑን ባንክ አስቀምጡት» የሚለው ምክራቸውም እዚሁ ይወድቃል። ሃሳቡ 20 ዓመት ጎርፍ ካልመጣ ይሠራል። በሦስተኛው ዓመት ከመጣ ግን ባንክ ያለው የሦስት ዓመት አረቦን ነው። የሚከብዳችሁ ክፍያው ከሆነ ጨርሶ ከመተው ተቀናሹን ከፍ አድርጋችሁ አረቦኑን ዝቅ ማስደረግ ይሻላል፤ ትንሹን ጉዳት ራሳችሁ ትችላላችሁ፣ ትልቁን ኩባንያው። ተጠራቅሞ ያለ ገንዘብ ያለው፣ ቤቱ ቢሄድ ሌላ መሥራት የሚችል ሰው ካለ፣ እሱ መድኑን ቢተወው አልቃወምም። ጽሑፉን ሲቀባበሉ ያየኋቸው ሰዎች ግን እንደዚያ ያሉ አይመስሉኝም።

ሰባተኛው፦ «ግንብ አጥር ሥሩ፤ ከመድን ይሻላል።» ቤትን ማጠናከር ላይ እስማማለሁ፤ ግንቡ ላይ ግን አይደለም። ግንብ ውሃውን ወደ ጎረቤት ይገፋዋል፤ ጎረቤት ደግሞ ይከሳል። በወለል ፍሳሽ ለሚመጣውም ምንም አያደርግም። ውጪ ውሃ ቆሞ ውስጡ ደረቅ ሲሆን ግፊቱ ግድግዳ ሊያፈርስ ይችላል። ለገንዘባችሁ የሚሻለው ፍሳሽ መስመሩ ላይ ውሃን ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ማስገጠም ነው። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ቆጣሪና ማከፋፈያውን፣ የውሃ ማሞቂያውን ከወለል ከፍ ማድረግ። ቀጥሎ የጣሪያ አሸንዳው ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ እንዲጥለው ማድረግ። አንዳንዱ ኩባንያ እነዚህን ሲያይ አረቦን ይቀንሳል። የቤት ሰነድ፣ ፓስፖርት፣ የመድን ውል ደግሞ ከታችኛው መሳቢያ ይውጡ። አሁኑኑ ስልካችሁን ይዛችሁ ክፍል በክፍል ቪዲዮ ቅረጹ፤ የቴሌቪዥኑንና የማቀዝቀዣውን የመለያ ቁጥር ጭምር። ገማቹ ሲመጣ ጭቃ የለበሰ ዕቃ ምን እንደነበረ የሚናገርላችሁ ያ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ስልኩ ላይ ብቻ እንዳይቀር፤ ስልክም ይሰምጣል።

የመጨረሻው ምክር አስደንግጦኛል። «ስለ ድሮ ጎርፍ አትጠይቁ፣ ብታውቁም አትናገሩ፤ ካወቃችሁ ለመድን ኩባንያውም ለገዢም መናገር ትገደዳላችሁ» ይላሉ።

የሚያውቁትን አደጋ ለመድን ሰጪው መግለጽ የውሉ መሠረት ነው። ማመልከቻው ላይ «ቤቱ ከዚህ በፊት ተጥለቅልቆ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አለ። እያወቁ «አያውቅም» ብሎ መፈረም ኩባንያው ውሉን እንዲያፈርስ በር መክፈት ነው። ኩባንያው ደግሞ ያንን በር የሚያንኳኳው አረቦን ሲቀበል ሳይሆን ካሳ ሲጠየቅ ነው። ያኔ የድሮ የካሳ መዝገቦች ይገለበጣሉ፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ልስን ይታያል፣ ጎረቤት ይጠየቃል። ሻጭም ቢሆን በብዙ ቦታ የጎርፍ ታሪክን የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ ደብቆ የሸጠ በኋላ ሊከሰስ ይችላል። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ። ቀብድ ሳትከፍሉ ሻጩን ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፤ ቤቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ያውቃል ወይ፣ የጎርፍ ካሳ ተጠይቆበት ያውቃል ወይ፣ አሁን ያለው የጎርፍ መድን አረቦን ስንት ነው። ሦስተኛውን የማይመልስ ሻጭ ካጋጠማችሁ የመድን ወኪል ዘንድ ሄዳችሁ ለዚያው አድራሻ ዋጋ አስወጡ። ነፃ ነው።